የጣናን ዓሣ ከመጤው ዓሣ በዘር ምልክት ስለ መለየት

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ በወገራ ደጋ በኩል ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ የሚጓዝ ሰው፥ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ሳያስተውለው የሦስት ታላላቅ ውሃዎችን ድንበር ይረግጣል። ከደጋው በስተ ደቡብ የሚዘንበው ዝናም በመገጭ ወንዝ አድርጎ ጣና ሐይቅ ይገባል፤ በስተ ምሥራቅ የሚዘንበው ወደ ተከዜ ይወርዳል፤ በስተ ምዕራብ ያለው ደግሞ በታላቁ አንገረብ አድርጎ ወደ አትባራ ይፈስሳል። እነዚህ ውሃዎች ሁሉ በመጨረሻው በሱዳን ምድር ተገናኝተው አንድ ዓባይ ይሆናሉ። በውስጣቸው የሚኖሩት ዓሣዎች ግን አንድ አይደሉም።

ምክንያቱም የታወቀ ነው። ከሐይቁ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚገኘው ጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ያህል ከፍታ ስላለው፥ ከበታቹ ያለ ዓሣ ወጥቶ ሐይቁን ሊገባ አይችልም። በዚህ ግንብ የተጠበቀው ጣና 28 ያህል የዓሣ ዝርያ ሲኖረው፥ ከእነዚህ ውስጥ 20 ያህሉ በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ አይገኙም። በስተ ሰሜን ደግሞ የወገራ ደጋ ራሱ ሁለተኛ ግንብ ሆኖ የተከዜንና የአንገረብን ዓሣ ከመገጭ ዓሣ ለይቶ አኑሮታል። ፏፏቴውን ዘልሎ፥ ደጋውን ተሻግሮ ዓሣ ሊያሳልፍ የሚችል አንድ ፍጥረት ብቻ አለ፤ እርሱም ጀሪካን የያዘ ሰው ነው።

ይህ ነገር ለቀድሞው ሰሜን ጎንደር፥ ይኸውም ዛሬ ሰሜን፥ ማዕከላዊና ምዕራብ ጎንደር ተብለው ለተከፈሉት ዞኖች የግብርና ሹማምንት በተለይ የሚመለከት ነው። የተከዜ ግድብ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2009 ዓ.ም. ከተፈጸመ ወዲህ (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፥ የአዋጁ ዓመት ብቻ ሲቀር፥ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) በዚያ በኩል ብዙ ዓሣ የሚጠመድበት ሰፊ ውሃ ተገኝቷል። በደንቢያ ሜዳና በጎንደር ዙሪያም ኩሬ ቈፍሮ ዓሣ ማርባት ለገበሬው የሚመከር ሥራ ሆኗል። ምክሩም መልካም ነው። ነገር ግን ኩሬ የቈፈረ ሰው ጫጩት ዓሣ ይፈልጋል፤ የፈለገውንም በቀረበው ስፍራ ያገኘዋል። ከተከዜ ወገን በመኪና ተጭኖ የመጣ ጥቂት የቀረሶ ጫጩት በደንቢያ ኩሬ ቢገባ፥ በሐምሌና በነሐሴ ሜዳው ውሃ ሲውጠው ኩሬውና መገጭ አንድ ይሆናሉ፤ ከመገጭ እስከ ሐይቁም የሚያግደው አይኖርም።

መጤ ነገር ምን እንደሚያደርግ የደንቢያ ሰው ከማንም ይልቅ ያውቃል። እምቦጭ በጣና ላይ መጀመሪያ የታወቀው በ2011 ዓ.ም. በመገጭ ወንዝ መግቢያ አካባቢ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በሰሜኑና በምሥራቁ የሐይቅ ዳር ያለውን ዓሣ አጥማጅ፥ ከብት አጠጪና የሩዝ ገበሬ ምን ያህል እንዳስቸገረ ለወረዳ ሹም መንገር አያስፈልግም። ሆኖም እምቦጭ በዓይን ይታያል፤ ልጅ እንኳ አበባውን አይቶ ይለየዋል፤ በብዙ ሺህ ሰው እጅም ሊታጨድ ይችላል። መጤ ዓሣ ግን ከውሃ በታች ስለሚኖር፥ ታወቀ በተባለ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ዘሩን ካበዛ በኋላ ነው። ከዚህም የሚብስ ነገር አለ፤ ተይዞ በመረብ ላይ ቢወጣ እንኳ ከአገሬው ዓሣ ጋር እጅግ የሚመሳሰል በመሆኑ አጥማጁ ሳይለየው ለገበያ ያቀርበዋል።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው ቀረሶ ነው። ቀረሶ የሚባለው ዓሣ ከግብፅ እስከ ኬንያ፥ በምዕራብም እስከ ሴኔጋል ድረስ በልዩ ልዩ ውሃዎች የሚገኝ ሲሆን፥ መልኩ እንደ ውሃው ጥራት፥ እንደ ዕድሜውና እንደ መራቢያ ወራቱ ይለዋወጣል። እንግሊዛዊቱ ሊቅ ኤተልዊን ትሬዋቫስ በ1983 ዓ.ም. ባሳተሙት ታላቅ መጽሐፍ ይህን አንድ ዝርያ በሰባት ንኡስ ዝርያዎች ከፍለውታል። የከፈሉትም የአጥንቱን፥ የቅርፊቱንና የመንጋጋውን መጠን በመለካት ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፥ ይኸውም በ1992 ዓ.ም.፥ ስዩም የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከአሜሪካዊው ከኧርቪንግ ኮርንፊልድ ጋር ሆነው የቀረሶን ዘር በሌላ መንገድ መረመሩ። የዓሣውን አካል ከመለካት ይልቅ በሕዋሱ ውስጥ ያለውን ዲ ኤን ኤ አውጥተው፥ የተወሰነ ፊደል ባገኙበት ስፍራ ብቻ የሚቈርጡ ቅመሞችን ጨምረው፥ ቍርጥራጩ በእያንዳንዱ ሐይቅ ዓሣ እንዴት እንደሚለያይ ተመለከቱ። የጣናው ቀረሶ ከሌሎቹ የተለየ ሆኖ ስላገኙት ስምንተኛ ንኡስ ዝርያ አድርገው መዘገቡት፤ ስሙንም በሐይቁ ስም «ታና» ብለው ሰየሙት።

እንግዲህ የዘር ምልክት የሚባለው ነገር ምን እንደ ሆነ በአጭሩ መግለጽ ያስፈልጋል። የሕያዋን ሁሉ ዲ ኤን ኤ በአራት ፊደላት ብቻ የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ ነው፤ ፊደላቱም አዴኒን፥ ታይሚን፥ ጓኒንና ሳይቶሲን ይባላሉ። ከአባትና ከእናት ወደ ልጅ ሲገለበጥ እንደ ብራና ጽሑፍ አልፎ አልፎ የፊደል ግድፈት ይገባበታል። በአንድ ገዳም የተገለበጠ መጽሐፍ የዚያን ገዳም ግድፈት ይዞ እንደሚሄድ፥ በአንድ ሐይቅ ተዘግቶ ለብዙ ሺህ ዓመት የኖረ ዓሣም የራሱን ግድፈት ይዞ ይገኛል። መርማሪው ይህን ግድፈት አይቶ መጽሐፉ ከየትኛው ገዳም እንደ ወጣ ያውቃል። ባለ ከብቱ በከብቱ ቆዳ ላይ የሚተኵሰው ምልክት ሊደበዝዝ ወይም በሌላ ሊሸፈን ይችላል፤ ይህ ምልክት ግን በዓሣው ክንፍ፥ ቅርፊትና ሥጋ፥ በእንቍላሉም ሳይቀር አለ። ዓሣው ተቈርጦ፥ ደርቆ ወይም ተጠብሶ ቢገኝ እንኳ ብዙ ጊዜ ሊነበብ ይችላል።

የማንበቡ ሥራ ዛሬ እንደ 1992 ዓ.ም. አድካሚ አይደለም። ከጣት ጥፍር የሚያንስ የክንፍ ቍራጭ ይወሰዳል፤ ዲ ኤን ኤው በመድኃኒት ተጣርቶ ይወጣል፤ ከዚያም የሚፈለገው የጽሑፉ ክፍል ብቻ በልዩ መሣሪያ ይባዛል። መሣሪያው ናሙናውን እስከ 95 ዲግሪ ድረስ እያሞቀና እየመለሰ እያቀዘቀዘ በእያንዳንዱ ዙር ጽሑፉን እጥፍ ያደርገዋል፤ ሠላሳ ያህል ዙር ሲፈጸም ከአንድ ቅጂ ብዙ መቶ ሚልዮን ቅጂ ይገኛል። በ2003 ዓ.ም. የካናዳው ሊቅ ፖል ሄበርትና ባልደረቦቻቸው 650 ያህል ፊደላት ያለው አንድ የጂን ክፍል ለእንስሳት ሁሉ መለያ እንዲሆን ሐሳብ ካቀረቡ ወዲህ፥ የብዙ ሺህ ዓሣዎች ጽሑፍ በዓለም መዝገብ ገብቷል። መርማሪው ያነበበውን ከመዝገቡ ጋር አስተያይቶ የዓሣውን ስም ያገኛል።

በባሕር ዳርቻ ያሉ አገሮች በዚህ ጥበብ እየተጠቀሙ ቈይተዋል። በቀይ ባሕር፥ በሕንድና በፓሲፊክ ውቅያኖስ የሚኖረው መርዛም እሾህ ያለው የአንበሳ ዓሣ በ1985 ዓ.ም. በፍሎሪዳ ባሕር ታየ፤ ከዚያም በአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻና በካሪቢያን ተሠራጭቶ የአገሬውን ትናንሽ ዓሣ ፈጀ። በ2007 ዓ.ም. የታተመ ምርመራ፥ አንድ ይመስል የነበረው መጤ ሁለት ዝርያ መሆኑን፥ የዘሩም ልዩነት እጅግ ጠባብ መሆኑን አስታወቀ፤ ይህም ያን ሁሉ ባሕር የሞላው ሠራዊት ከጥቂት ዓሣዎች እንደ ተነሣ ያመለክታል። ለኢትዮጵያ ሹም ከዚህ የሚቀረው ቁም ነገር ቍጥሩ ነው። አንድ ጀሪካን ሙሉ ጫጩት ለአንድ ሐይቅ ከበቂ በላይ ነው።

ወደ ጣና የሚቀርበው ምሳሌ ግን የቪክቶሪያ ሐይቅ ነው። በዚያ ሐይቅ በ1950ዎቹ ዓመታት ሁለት እንግዳ ዓሣ ገባ። አንደኛው በኢትዮጵያም በባሮና በጫሞ የሚገኘው ታላቁ የናይል ፐርች ነው፤ እርሱ ከሦስት ዐሥርተ ዓመት በኋላ በሐይቁ ብቻ ይገኙ የነበሩ ትናንሽ ዓሣዎችን በመቶ በሚቈጠር ዝርያ አጠፋ። ይህ ታሪክ በሰፊው ተነግሯል። ሁለተኛው ቀረሶ ሲሆን ታሪኩ ብዙ አልተነገረም፤ ለጎንደር ሹም ግን የበለጠ የሚጠቅመው ይህ ነው። ቀረሶው የአገሬውን ዘመድ፥ ንጌጌ የተባለውን ዓሣ፥ በሐይቁ ውስጥ ተክቶ ቀረ። ንጌጌ በዙሪያው ባሉ ትናንሽ ሐይቆች ተረፈ ተብሎ ሲታሰብ፥ በአንዳንዶቹ ውስጥ ከመጤው ጋር ተዳቅሎ መገኘቱ በዘር ምልክት ታወቀ። መልኩ ንጌጌ፥ ደሙ ግን የተቀላቀለ ነበር። ፐርች ጠላትነቱ በግልጽ ነው፤ ቀረሶ ግን በጋብቻ ይገባል፤ ከገባም በኋላ ጋብቻውን የሚያፈርስ ዳኛ የለም።

በጣና የሚያሰጋው ይኸው ሁለተኛው ዓይነት ነው። ለኩሬ እርባታ በዓለም ላይ እጅግ የተሠራጨው የቀረሶ ዝርያ፥ ጊፍት የሚባለው፥ ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ በፊሊፒንስ የተዘጋጀ ሲሆን፥ ለመነሻ የተወሰዱት የአፍሪካ ዓሣዎች ከግብፅ፥ ከጋና፥ ከኬንያና ከሴኔጋል ነበሩ። የኢትዮጵያ ዓሣ ከዚያ ውስጥ የለም። ይህ ዝርያ ፈጥኖ የሚያድግ ስለ ሆነ ማንም አርቢ ቢመኘው አያስደንቅም፤ ለተዘጋ ኩሬም ጥቅሙ አይካድም። ይሁን እንጂ ወደ ጣና ቢደርስ፥ ለብዙ ሺህ ዓመት ከዚያ ሐይቅ ቅዝቃዜና ደፍራሽ ውሃ ጋር የተስማማውን የታናን ቀረሶ ዘር ይበርዛል። የታና ቀረሶ ደግሞ ወደፊት ለደጋው ውሃ የሚስማማ የእርባታ ዝርያ ለማውጣት መነሻ ሊሆን የሚችል ሀብት ነው። ምርጡን የጤፍ ዘር ሳይመዘግብ ከገበያ ዘር ጋር ቀላቅሎ የሚዘራ የእርሻ ሹም አይኖርም፤ ለዓሣው ዘር ግን ይህን ያህል የሚጨነቅ ብዙ አይገኝም። ከኢትዮጵያ ሐይቆች የተሰበሰበ ቀረሶ ከእናትም ከአባትም በሚወረስ ምልክት ተመርምሮ፥ ለዘሩ ጥበቃ የሚያሻው ነገር በ2021 ዓ.ም. ታትሞ ወጥቷል፤ ስለዚህ ማወዳደሪያ የለም ተብሎ ሊመካኝ አይቻልም።

ከእናትም ከአባትም የሚለው ቃል በከንቱ የተጻፈ አይደለም። ዓሣን ለመለየት በብዛት የሚነበበው ጽሑፍ የሚገኘው ሚቶኮንድሪያ በሚባለው የሕዋስ ክፍል ነው፤ ይህም ከእናት ብቻ ይወረሳል። በአበሻ ልማድ ልጅ በአባቱ ስም ይጠራል፤ ይህ ምልክት ግን ልጁን በእናቱ ብቻ ይጠራዋል። አባቱ መጤ፥ እናቱ የጣና የሆነች ዓሣ ብትመረመር መልሱ «የጣና ናት» የሚል ይሆናል፤ ድቅል መሆኗም ሳይታወቅ ያልፋል። ስለዚህ መደባለቅ የሚጠረጠር እንደ ሆነ፥ ማይክሮሳተላይት የሚባሉትን በኒውክሊየስ ውስጥ ያሉ ምልክቶች ጨምሮ ማስመርመር ያስፈልጋል። አንድ ምርመራ ብቻ አስደርጎ «ንጹሕ ነው» የሚል ወረቀት ይዞ መመለስ አያጠግብም።

ሌላም ችግር አለ፤ እርሱም ራሱ የጣና ድንቅ ነው። በሐይቁ ውስጥ ነጭ ዓሣ በሚል ስም የሚጠሩት ትላልቅ ዓሣዎች ብዙ ዝርያ ናቸው። ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ ዓመታት ከእነዚህ አንዳንዶቹን ለሳይንስ አስተዋወቀ። በ1973 ዓ.ም. ግን እንግሊዛዊው ባኒስተር ሁሉም መልኩን የሚለዋውጥ አንድ ዝርያ ነው ብለው ጠቀለሉት። ከሃያ ዓመት በኋላ የሆላንድ ተመራማሪዎች፥ ናግልከርከና ሲቢንግ፥ የአፋቸውን አሠራር፥ ምግባቸውንና የሚውሉበትን ስፍራ መርምረው ልዩ ልዩ ዝርያዎች መሆናቸውን አስረዱ፤ በ2000 ዓ.ም. ቍጥራቸው 15 ደረሰ። ከመካከላቸው ዓሣ የሚበሉ ብዙዎች ናቸው፤ ይህም በዚህ የዓሣ ወገን ዘንድ እንግዳ ነገር ነው።

በእነዚህ ላይ የዘር ምልክት ደካማ ሆኖ ተገኝቷል። ጣና ከ16,000 ዓመት በፊት ገደማ ደርቆ እንደ ነበረ ከሐይቁ ሥር የወጣው ደለል ይመሰክራል፤ ስለዚህ ነጭ ዓሣዎቹ በዛሬው ሐይቅ የኖሩበት ዘመን በዘር ታሪክ ረገድ እንደ ትናንት ይቈጠራል። ግድፈት ለመጠራቀም ጊዜ ስላላገኘ፥ የተለያዩ ዝርያዎች አንድ ዓይነት የሚቶኮንድሪያ ጽሑፍ ይዘው ይገኛሉ። በዚያ ላይ ክሮሞሶማቸው 150 ያህል ሲሆን፥ ሁለት ሁለት ሳይሆን ስድስት ስድስት እየሆነ የተባዛ ነው፤ የኒውክሊየሱን ምልክት ማንበብም ስለዚህ እጅግ ያስቸግራል። እንግዲህ የነጭ ዓሣ ክንፍ ተልኮ «ከነጭ ዓሣ ወገን ነው» የሚል መልስ ብቻ ቢመጣ መርማሪውን መውቀስ አይገባም። በእነዚህ ዘንድ የአፍን፥ የራስንና የአካልን አሠራር የሚያይ የሠለጠነ ዓይን ከመሣሪያው ይበልጣል። የዘር ምልክት የሚረዳው ከሌላ ወገን የመጣ ዓሣ በመካከላቸው መኖሩን ለማወቅ ነው።

ዓሣውን ሳይዙ ውሃውን ብቻ መመርመርም ይቻላል። ዓሣ በሚኖርበት ውሃ ውስጥ ከቆዳው፥ ከልጋጉና ከፋንድያው የረገፈ ዲ ኤን ኤ ስለሚገኝ፥ አንድ ወይም ሁለት ሊትር ውሃ በጥሩ ማጥለያ አጥልሎ የተረፈውን መመርመር በቂ ነው። ይህን ዘዴ በ2008 ዓ.ም. በፈረንሳይ ለመጤ እንቍራሪት፥ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ በቺካጎ ቦዮች ለመጤ ካርፕ እንደ ተጠቀሙበት ታትሟል። ሆኖም ውሃ የሚፈስስ ነገር ስለ ሆነ፥ ከላይ ካለ ኩሬ የወረደ ዲ ኤን ኤ በታች ያለውን ወንዝ መጤ ያለበት ሊያስመስለው ይችላል። መኖሩን ለመጠርጠር እንጂ ለመፍረድ አይበቃም።

በኢትዮጵያ የዓሣን ነገር የሚመለከቱ መሥሪያ ቤቶች አሉ። በባሕር ዳር የዓሣና የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል፥ በሰበታ ብሔራዊው ማዕከል፥ በአዲስ አበባ የብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይገኛሉ፤ በጎንደር ከተማም ዩኒቨርሲቲው አለ። ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም የወጣው አዋጅ ቍጥር 315 በኢትዮጵያ አቈጣጠር የ1995 ዓ.ም. ነው፤ ጣናም በ2015 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ነገር ግን ሊቃውንቱ የሚመረምሩት የደረሳቸውን ብቻ ነው፤ የሚደርሳቸውም ናሙና ጥራት በወረዳው ሠራተኛ እጅ ላይ የቆመ ነው።

ስለዚህ ጫጩት ወደ ኩሬ ከመግባቱ በፊት፥ ወይም አጥማጅ «ይህ ዓሣ አዲስ ነው» ባለ ጊዜ፥ ሠራተኛው በመጀመሪያ ዓሣውን ከነክንፉ በጎን አስተኝቶ ፎቶግራፍ ያንሣው። ከክንፉ ትንሽ ቍራጭ በንጹሕ መቀስ ቈርጦ በትንሽ ጠርሙስ ያግባ፤ መቀሱንም ከአንዱ ዓሣ ወደ ሌላው ሲሻገር በእሳት ያንድደው፤ ያለዚያ የአንዱ ዘር በሌላው ላይ ተላልፎ ምርመራውን ያበላሻል። አንድ ጠርሙስ የአንድ ዓሣ ብቻ ይሁን። የሚጨመረው አልኮል 95 ከመቶ ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት፤ አረቄ ብርታቱ ግማሽ እንኳ ስለማይሞላ ለዚህ አይሆንም፤ የቤት ማንደጃ ስፒሪትም ባዕድ ነገር ስለሚገባበት አይመከርም። ፎርማሊን ለአካል መጠበቂያ ጥሩ ቢሆንም ዲ ኤን ኤውን ስለሚያበላሽ የክንፉ ቍራጭ ከእርሱ ይራቅ። የዓሣው ቀሪ አካል ግን ይቀመጥ እንጂ ወደ ውሃ አይመለስ፤ ዓይን የሚያየውን የሚያረጋግጥ ሌላ ማስረጃ የለምና።

በጠርሙሱ ውስጥ የሚገባው ወረቀት በእርሳስ ይጻፍ፤ የብዕር ቀለም በአልኮል ታጥቦ ይጠፋል። በወረቀቱ ላይ ቀኑ፥ ቀበሌው፥ ዓሣው የተያዘበት ውሃ፥ ጫጩቱም ከውጭ የመጣ እንደ ሆነ የመጣበት ስፍራ ይገለጽ። በጎንደር በኩል በዚህ ረገድ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ከከተማው አጠገብ የሚወርደው፥ ለከተማው መጠጥ ውሃ ተገድቦ የሚገኘው ወንዝ አንገረብ ይባላል፤ ውሃው በመገጭ አድርጎ ጣና ይገባል። በአርማጭሆ በኩል ወርዶ ወደ አትባራ የሚሄደውም ወንዝ አንገረብ ይባላል። ስማቸው አንድ ሆኖ የሚሄዱበት ባሕር የተለያየ ስለ ሆነ፥ «ከአንገረብ የተያዘ» ተብሎ የተጻፈ ጠርሙስ ለባሕር ዳር ቢደርስ፥ በውስጡ ያለው ዓሣ በአገሩ ያለ ይሁን ከደጋው ማዶ የተሻገረ መርማሪው ሊያውቀው አይችልም። ስለዚህ ከወንዙ ስም ቀጥሎ «ወደ ጣና የሚገባው» ወይም «ወደ አትባራ የሚወርደው» የሚል ቃል ተጨምሮ ይጻፍ።